ካርቶኑ 2000 ዋት ይላል፤ ፊውዙስ?

በመርካቶ ሶማሌ ተራም ሆነ በሌሎች የመኪና ዕቃ መሸጫዎች ለውፈር የሚሆን አምፕሊፋየር የሚፈልግ ገዢ ዓይኑ በመጀመሪያ የሚያርፈው ካርቶኑ ላይ በጉልህ በታተመው ቁጥር ላይ ነው። 1500፣ 2000፣ አንዳንዴም 3000 ዋት ይላል። ዋጋም የሚጠራው በዚሁ ቁጥር ነው።

ይሁን እንጂ ይህ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ ዕቃው ለቅጽበት ይደርስበታል የተባለውን ጣሪያ እንጂ ሳያቋርጥ የሚሰጠውን ጉልበት አያመለክትም። ገንዘብ ሊከፈልበት የሚገባው ቁጥር አር.ኤም.ኤስ. ተብሎ የሚጻፈው ነው። ሲቲኤ 2006 የተባለው የአሜሪካ መለኪያ የሠፈረበት ዕቃ ከሆነ ዋቱ የተለካው በ14.4 ቮልት፣ በ4 ኦምና ከ1 በመቶ ባልበለጠ የድምፅ መዛባት ነው። ይህ ከሌለ ማጣራቱ የገዢው ፈንታ ይሆናል።

ማጣሪያው ደግሞ ሒሳብ ብቻ ነው። ከአምፕሊፋየሩ ጎን ሁለት ባለ 20 አምፔር ፊውዝ ተሰክቷል እንበል። 40 አምፔር በ14.4 ቮልት ሲባዛ 576 ዋት ይሆናል። ይህ የሚገባው እንጂ የሚወጣው አይደለም። ክላስ ኤቢ የሚባለው ዓይነት ከሚገባው ግማሹን ወይም ጥቂት አለፍ ያለውን ብቻ ወደ ውፈሩ ያደርሳል፤ ቀሪው ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ክላስ ዲ ግን 80 በመቶ ያህሉን ስለሚያደርስ 460 ዋት ገደማ ይሰጣል። ታዲያ ካርቶኑ ላይ ያለው 2000 ዋት ከየት መጣ? ፊውዝ የሌላቸው ትልልቅ ዕቃዎች ሲሆኑ መመሪያው ላይ የታዘዘውን የፊውዝ መጠን መመልከት ይበቃል።

ሁለተኛው ጉዳይ ኦም ነው። እያንዳንዳቸው 4 ኦም የሆኑ ሁለት ጥቅሎች ያሉት ውፈር ትይዩ ሲታሰር 2 ኦም፣ ተከታትሎ ሲታሰር 8 ኦም ይሆናል። እንዲህ ያሉ ሁለት ውፈሮች ሁሉም ትይዩ ከታሰሩ 1 ኦም ይወርዳል። ከ2 ኦም በታች የማይችል አምፕሊፋየር በዚህ ላይ ሲሠራ ይግላል፣ ይዘጋል፣ አልፎም ይቃጠላል።

ውፈር የሚያቃጥለው ትልቅ አምፕሊፋየር ብቻ ነው የሚለው እምነትም ስህተት ነው። ትንሹ ከአቅሙ በላይ ሲከፈት የድምፁ ሞገድ ይቆረጥና ጥቅሉን ያግላል። 300 ዋት አር.ኤም.ኤስ. ለሚችል ውፈር በዚያው ኦም 300 አካባቢ የሚሰጥ መግዛት ነው የሚያዋጣው።

የሽቦው ነገር ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። በመዳብ የተለበጠ አሉሚኒየም እንደ ንጹሕ መዳብ ሊሸጥ ይችላል፤ ጫፉ በምላጭ ሲፋቅ ነጭ ሆኖ ይታያል። ዋናው ፊውዝ ከባትሪው በ45 ሳንቲሜትር ውስጥ ካልገባ ሽቦው ከቦዲው ጋር ተፋግቶ የሚነሣውን እሳት የሚያቆመው የለም።

በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ በ2016 ዓ.ም. ከተገለጸ ወዲህ ዕቃ አስመጪዎች የሚያጤኑት ሌላ ነገር መጥቷል። የኤሌክትሪክ መኪና ዲናሞ የለውም። የ12 ቮልቱን መስመር የሚመግበው ከትልቁ ባትሪ የሚቀንስ ኮንቨርተር ነው፤ አቅሙም የተወሰነ ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ መኪና ጥቂት አምፔር የሚበላው ክላስ ዲ ይሻላል፤ ከመግዛትም በፊት ኮንቨርተሩ ስንት አምፔር እንደሚተርፈው መጠየቅ ያስፈልጋል።