የሞተር ዘይት በበዛ ጊዜ፤ በአሮጌ የጭነት መኪና ናፍጣ ከዘይት ጋራ የሚቀላቀልበትን ምክንያት ስለ መመርመር

እህል ተወቅቶ ከዐውድማ ከተነሣ በኋላ የገበሬው ድካም ፍሬ የሚያገኘው ገበያ ሲደርስ ነው። በዚያ ወራት አንድ የጭነት መኪና ከመንገድ ዳር ቢቆም፣ ጉዳቱ የባለመኪናው ብቻ ሳይሆን እህሉን የጫነው፣ ዘርና ማዳበሪያ የሚጠብቀው፣ የወረዳውም ሕዝብ ሁሉ ነው። ሞተርን ከሚገድሉት ደዌዎች አንዱ ደግሞ ድምፅ ሳያሰማ የሚመጣ ነውና፣ የመኪና ኀላፊነት ያለበት ሹምና ባለንብረት ምልክቱን አስቀድሞ ሊያውቀው ይገባል። ይኸውም ናፍጣ ወደ ሞተሩ ዘይት መግባቱ ነው።

በኢትዮጵያ መንገዶች ላይ ለረጅም ዘመን ሸክም የተሸከሙት መኪናዎች አብዛኞቹ የናፍጣ ናቸው። ከእነዚህም መካከል ሹፌሮች ኤንትሬ እያሉ የሚጠሩት ፊያት 682 ኤን 3 የታወቀ ነው። የ682 ዐይነት በኢጣልያ አገር መሠራት የጀመረው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1952 ነው። ሞተሩ ስድስት ሲሊንደር ያለውና ስፋቱ ከ10 ሊትር የሚበልጥ፣ ጠንካራና ታጋሽ ነው። ዳሩ ግን ዕድሜ የጠገበ ሞተር ሁሉ፣ የማንም ፋብሪካ ሥራ ቢሆን፣ ናፍጣ የሚገፉት ክፍሎቹ እየተበሉ መሄዳቸው አይቀርም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በምልክቱ ነው። አሮጌ ሞተር ጥቂት በጥቂት ዘይት ይበላል። ስለዚህ በመለኪያው ዘንግ ላይ የዘይቱ ልክ እየቀነሰ መሄዱ እንግዳ ነገር አይደለም። ሹፌሩ ግን «መኪናው ዘይት መብላቱን ተወ» ወይም «ዘይቱ ጨመረ» ብሎ ደስ እያለው የመጣ እንደ ሆነ፣ ያን ጊዜ መጠርጠር ያስፈልጋል። ዘይት በራሱ አይባዛም። ልኩ ከፍ ያለው አንድም ሰው ከልክ በላይ ጨምሮበት፣ አንድም ውሃ ገብቶበት፣ አንድም ናፍጣ ገብቶበት ነው።

ሦስቱን ለመለየት ታላቅ መሣሪያ አያሻም። መኪናው ሌሊቱን በደልዳላ ቦታ አድሮ፣ ጧት ሞተሩ ሳይነሣ የዘይቱ ልክ ይታይ። ቀኑና የተጓዘው ኪሎ ሜትር ከልኩ ጋራ በመዝገብ ይጻፍ። ውሃ የገባበት ዘይት እንደ ወተት ይነጣል፣ የራዲያተሩም ውሃ ይጐድላል። ናፍጣ የገባበት ግን ጥቁርነቱን ሳይለቅ ይቀጥናል። በሁለት ጣት መካከል ሲታሽ ልዝብነቱ ያነሰ፣ ሲያሸቱትም የናፍጣ ሽታ ያለው ነው። አንድ ጠብታ ከመኪናው ዘይት፣ አንድ ጠብታም ያው ዐይነት ከሆነ አዲስ ዘይት በመምጠጫ ወረቀት ላይ ጐን ለጐን ቢንጠባጠብ፣ ናፍጣ ያለበት በዳር በኩል ፈዛዛ ቀለበት እየሠራ ሰፍቶ ይታያል። ሞተሩ በሞቀ ጊዜም የዘይት ግፊት መለኪያው ከቀድሞው ዝቅ ይላል። በእሳት ለመሞከር ግን ማንም አይድፈር፤ አደጋ አለበት።

ጉዳቱ እንዲህ ነው። ዘይት በብሮንዚኑና በሚሽከረከረው ብረት መካከል ስስ ሽፋን ሆኖ ብረት ከብረት እንዳይነካካ ይከላከላል። ናፍጣ ሲቀላቀልበት ያ ሽፋን ይሳሳል። 20 ሊትር ከሚይዝ ሞተር ውስጥ 1 ሊትሩ ናፍጣ ቢሆን ከመቶ 5 እጅ ማለት ነው፤ ይህም መጠን ዘይቱን በግልጥ ለማቅጠን ይበቃል። ከዚህም የከፋ አለ። የዘይቱ ልክ እጅግ ከፍ ሲል ሞተሩ በመተንፈሻው በኩል የራሱን ዘይት ስቦ ማቃጠል ይጀምርና፣ ናፍጣው ቢዘጋበት እንኳ አልቆምም ብሎ ፍጥነቱ ከልክ ያልፋል። እንዲህ የሆነ ሞተር የሚቆመው የአየር መግቢያው በጠንካራ ሰሌዳ ሲዘጋ ነው። በእጅ ለመዝጋት መሞከር አይገባም።

ደዌው ከታወቀ በኋላ ምንጩን መፈለግ ይከተላል። እዚህ ላይ ብዙ ገንዘብ በከንቱ ይጠፋል። አንዳንድ ሠራተኛ ናፍጣ ከዘይት መቀላቀሉን እንዳየ ወዲያው «ሞተሩ ይውረድ» ይላልና። ትክክለኛው ሥርዐት ግን ቀላልና ርካሽ ከሆነው ጀምሮ ወደ ከባዱ መሄድ ነው።

1ኛ፤ ናፍጣ ከጋን ስቦ የሚያቀብለው ትንሹ ፓምፕ ይታይ። ይህ ፓምፕ በሞተሩ ጐን ታስሮ በላስቲክ ዲያፍራም የሚሠራ ከሆነ፣ ላስቲኩ ሲቀደድ ናፍጣው በቀጥታ ወደ ዘይቱ ይወርዳል። ቧንቧው ሳይፈታ ፓምፑ ከሞተሩ ተነሥቶ በእጅ ቢሠራ፣ በሞተሩ በኩል ያለው ፊቱ የረጠበ እንደ ሆነ ምክንያቱ ተገኘ ማለት ነው። ጥገናውም ጥቂት ወጪ ነው።

2ኛ፤ ኢንጀክተሮቹ ይመርመሩ። ሞተሩ በዝግታ ሲሠራ የየሲሊንደሩ የናፍጣ ቧንቧ ማሰሪያ በየተራ ጥቂት ላላ ይደረግ። ጤነኛው ሲላላ የሞተሩ ድምፅ ይለወጣል፤ ምንም ለውጥ ያላሳየው ሲሊንደር ግን የተጠረጠረ ነው። የዚያ ኢንጀክተር ወጥቶ በመፈተኛ ፓምፕ ላይ ይሞከር። ደኅናው እንደ ጉም ይረጫል፣ ጫፉም ደረቅ ይሆናል። የታመመው ያንጠባጥባል፤ የሚንጠባጠበውም ናፍጣ የሲሊንደሩን ዘይት እያጠበ በፒስተኑ ፋሻ በኩል ወደ ታች ይወርዳል። በፍተሻው ጊዜ ማንም እጁን ከመርጫው ፊት አያድርግ። ግፊቱ ቆዳ ቀድዶ ይገባልና፣ እንዲህ ያለ አደጋ የደረሰበት ሰው ቁስሉ ትንሽ ቢመስልም ሳይዘገይ ሐኪም ዘንድ ይወሰድ።

3ኛ፤ ከኢንጀክተሮቹ የተረፈውን ናፍጣ የሚመልሰው ቀጭን ቧንቧ በአንዳንድ ሞተር ከቴስታታው ክዳን በታች ያልፋል። ክዳኑ ተነሥቶ መጋጠሚያዎቹ ይታዩ። ስንጥቅ ወይም የላላ ማሰሪያ ካለ ናፍጣው ሲያመልጥ በዐይን ይታያል።

4ኛ፤ ዋናው የናፍጣ ፓምፕ ይመርመር። በረድፍ በተሠራ ፓምፕ ውስጥ ናፍጣውን የሚገፋው ዘንግና ማቀፊያው የሚጋጠሙት ያለ አንዳች ላስቲክ ነው፤ በመካከላቸው ያለው ክፍተት ከአንድ ሚሊሜትር ሺህኛ እጅ ጥቂቱ ብቻ ነው። አቧራ ወይም ውሃ ያለበት ናፍጣ ይህን ሲፍቀው ናፍጣው ወደ ፓምፑ የታች ክፍል ይንጠባጠባል። ፓምፑ ለብቻው ዘይት ያለው እንደ ሆነ በመጀመሪያ የሚቀጥነው የራሱ ዘይት ነው። ከሞተሩ ዘይት የሚጋራ እንደ ሆነ ግን ናፍጣው ወደ ሞተሩ ይደርሳል። የጐን መክፈቻ ያለው ፓምፕ ውጭው ታጥቦ፣ ክዳኑ ተፈትቶ፣ ውስጡ ተጠርጎ፣ ናፍጣው በእጅ ፓምፕ ቢገፋ የሚያፈሰው ቦታ ይገለጣል። ጥገናው ግን የመፈተኛ መሣሪያ ካለው ልዩ ሠራተኛ ቤት እንጂ በዛፍ ጥላ ሥር የሚደረግ አይደለም።

5ኛ፤ ሁሉም ደኅና ሆኖ ከተገኘ የአነዳዱ ልማድ ይጠየቅ። ሞተር ሳይንቀሳቀስ ለብዙ ሰዓት በዝግታ ሲሠራ፣ ወይም ቴርሞስታቱ ወልቆ በቂ ሙቀት ሳያገኝ ሲቀር፣ ናፍጣው ሁሉ አይቃጠልም፤ ያልተቃጠለውም ወደ ዘይቱ ይወርዳል። ይህንንም ሁሉ አልፎ ምክንያቱ ካልተገኘ ብቻ ስለ ፋሻና ስለ ሲሊንደር መበላት ይነገር።

ምንጩ ከተጠገነ በኋላ የተበላሸውን ዘይት እንዳለ መተው አይገባም። ዘይቱ በሙሉ ፈስሶ፣ ፊልትሮውም ተለውጦ፣ ፋብሪካው ያዘዘው ዐይነት ዘይት ይጨመር፤ ልኩም በየጧቱ ይጻፍ። የወጣው ዘይት በበርሜል ይጠራቀም እንጂ በመስክ ወይም በወንዝ አይፍሰስ፤ ሣሩንም ውሃውንም ያበላሻልና።

ከሹም ወይም ከባለመኪና የሚፈለገው መፍቻ መያዝ አይደለም። የሚፈለገው የዘይት መዝገብ በየቀኑ እንዲጻፍ ማዘዝ፣ መዝገቡንም ራሱ እየገለጠ ማየት፣ ለትልቅ ጥገና ገንዘብ ሲጠየቅም «ናፍጣው በየት በኩል እንደሚገባ አሳየኝ» ማለት ነው። ነገር ሳይቃጠል በቅጠል እንደ ተባለ፣ በጊዜው የታየ የአንዲት ላስቲክ መቀደድ ሙሉ ሞተር ያድናል፤ በዐውድማ የተከመረው እህልም ዝናብ ሳያገኘው ገበያ ይደርሳል።