ኤክሴል ፋይል ሲከፍት ለምን ይደርቃል?

የይዘት ትንተና የቡድን ሥራችንን ለማስረከብ አንድ ቀን ሲቀረን ፋይላችን አልከፈት አለ። የሦስት ወር የጋዜጣ ርእሶችን አንድ በአንድ እያየን የመዘገብንበት የኤክሴል ፋይል ነው፤ ከ900 በላይ ርእሶች አሉበት። ስንጫነው ኤክሴል ይመጣል፣ ስክሪኑ ይነጣል፣ ከላይ “ኖት ሬስፖንዲንግ” የሚል ጽሑፍ ይወጣል፣ በቃ ስታክ ያደርጋል። አንዷ የቡድናችን አባል “ቫይረስ ነው” አለች። ሌላው ትዕግሥቱ አልቆ ኮምፒውተሩን ከነማጥፊያው ድርግም አደረገው። እንደገና ስንከፍት ያው ነው። ፋይሉ ደግሞ ያለው አንድ ፍላሽ ላይ ብቻ ነበር፤ ሌላ ቅጂ አልነበረንም።

ከዚያ ወዲህ ስጠይቅ ይህ ነገር ያልደረሰበት የክፍል ጓደኛ አላገኘሁም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ያን ማታ ያየሁትንና በኋላም አንብቤ ያጣራሁትን እዚህ አስፍሬዋለሁ።

በመጀመሪያ “ኖት ሬስፖንዲንግ” ማለት ሞተ ማለት አይደለም። ዊንዶውስ ይህን ጽሑፍ የሚለጥፈው አንድ ፕሮግራም ለ5 ሰከንድ ያህል ለጥሪው መልስ ሳይሰጥ ሲቀር ነው። ኤክሴል ከባድ ፋይል ሲከፍት 5 ሰከንድ ምንም አይደለችም። መጀመሪያ መለየት ያለበት፣ እየሠራ ነው ወይስ የሆነ ነገር እየጠበቀ ነው የሚለው ነው። ከንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ስትጫኑ ታስክ ማናጀር ይመጣል። እዚያ በኤክሴል መስመር ላይ “ሲፒዩ” በሚለው ሥር ያለውን ቁጥር እዩ። ቁጥሩ ከዜሮ በላይ ሆኖ የሚንቀሳቀስ ከሆነ ኤክሴል ሥራ ላይ ነው። ለደቂቃዎች ዜሮ ላይ ከቆመ ግን ከሌላ ቦታ መልስ እየጠበቀ ነው።

የእኛው እየሠራ ነበር። ይህን ያየልን የኮምፒውተር ክፍሉ ቴክኒሺያን ነው። “ፋይላችሁ ስንት ሜጋባይት ነው?” አለን። እኛ እንኳን መጠኑን ልናውቅ አይተነውም አናውቅ። ሲታይ ከ20 ሜጋባይት በላይ ሆኗል። 900 መስመር ጽሑፍ ብቻውን አንድ ሜጋባይት እንኳ ሊሞላ አይገባም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንደኛው ልጅ አንድ ርእስ ሁለት ጊዜ ተመዝግቦ እንደሆነ ለማወቅ “ካውንትኢፍ” የሚባለውን ቀመር ጻፈ። ጥሩ ሐሳብ ነበር። ቀመሩን ወደታች ሲያወርድ ግን ዓምዱን በሙሉ መርጦ ፔስት አደረገው። ከኤክሴል 2007 ጀምሮ አንድ ገጽ 1,048,576 ረድፎች አሉት። ስለዚህ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ቀመሮች ተፈጠሩ፤ እያንዳንዱ ቀመር ደግሞ ከ900 በላይ የሆኑትን ርእሶች ከላይ እስከ ታች ያያል። ይህ ከ900 ሚሊዮን በላይ ንጽጽር ነው።

ታዲያ ትናንት እንዴት ተከፈተ? እኔም ይህንኑ ነበር የጠየቅሁት። ኤክሴል ፋይል ሲያስቀምጥ የቀመሮቹን ውጤት አብሮ ያስቀምጣል፣ ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ ሁሉንም እንደ አዲስ አያሰላም። ነገር ግን ፋይሉ በአሮጌ ኤክሴል ሴቭ ተደርጎ በአዲስ ኤክሴል ሲከፈት ከመጀመሪያው ጀምሮ ያሰላዋል። እኛ ቤተ መጻሕፍት ባለው አሮጌ ኮምፒውተር ሴቭ አድርገን፣ በአዲሱ ነበር የምንከፍተው። እንደ “ቱዴይ”፣ “ናው” እና “ኦፍሴት” ያሉት ቀመሮች ደግሞ ከዚህም የባሱ ናቸው፤ ፋይሉ በተከፈተ ቁጥር ይሰላሉ።

መፍትሔው ቀላል ሆኖ ተገኘ። መጀመሪያ ፋይሉን ከፍላሹ ወደ ዴስክቶፕ ኮፒ አደረግን። ከዚያ ባዶ ኤክሴል ከፍተን “ፎርሙላስ” ውስጥ “ካልኩሌሽን ኦፕሽንስ” የሚለውን “ማኑዋል” አደረግነው። ከዚያ በኋላ ነው ፋይሉን ከ“ፋይል” እና “ኦፕን” ገብተን የከፈትነው። ኤክሴል የስሌቱን ሁኔታ የሚወስደው መጀመሪያ ከተከፈተው ፋይል ስለሆነ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። ትንሽ ቆይቶ ተከፈተ። ከንትሮልና ኤንድ ስንጫን የገጹ የመጨረሻ ረድፍ ላይ ወረወረን። ትርፍ ረድፎቹን መርጠን በ“ዲሊት” አጠፋን፣ ሴቭ አደረግን፣ ፋይሉ ወደ መጠኑ ተመለሰ። (ማኑዋሉን ወደ “ኦቶማቲክ” መመለስ አትርሱ፤ እኛ ረስተን የመቶኛ ስሌታችን አልለወጥ ብሎን ሌላ ግማሽ ሰዓት አጥተናል።)

ሲፒዩው ዜሮ ላይ ከቆመስ? ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ከፋይሉ ውጭ ነው። ኤክሴል ገጹን ለማዘጋጀት ዋና ተብሎ የተመረጠውን ፕሪንተር ይጠይቃል፤ ፕሪንተሩ በኔትወርክ የተያያዘና የጠፋ ከሆነ መልስ ሲጠብቅ ይቆያል። ዋናውን ፕሪንተር “ማይክሮሶፍት ፕሪንት ቱ ፒዲኤፍ” አድርጎ መሞከር ነው። ፋይሉ በሊንክ ከሌላ ፋይል ጋር ከተያያዘና ያኛው ከቦታው ከተነሣም እንዲሁ ይጠብቃል። ከኤክሴል ጋር አብረው የሚነሡ ተጨማሪ ፕሮግራሞች አስቸግረው እንደሆነ ለማወቅ ደግሞ ከንትሮልን ተጭናችሁ ሳትለቁ ኤክሴልን ክፈቱ፤ “ሴፍ ሞድ” ይጠይቃችኋል፣ እሺ በሉት። በዚያ ፋይሉ ከተከፈተ ጥፋቱ ከተጨማሪዎቹ የአንዱ ነው።

አንዳንዶች ፋይሉ እንዲቀልል በአሮጌው “ኤክስኤልኤስ” ዓይነት ሴቭ አድርጉት ይላሉ። እኔ አልመክርም። አሮጌው ዓይነት የሚይዘው 65,536 ረድፍ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የእንግሊዝ የጤና መሥሪያ ቤት በዚሁ ገደብ ምክንያት 15,841 የኮቪድ ታማሚዎችን ከዕለታዊ ቁጥሩ ውጭ አድርጎ ዜና ሆኖ ነበር።

መብራት ሲጠፋ ወይም ፍላሹ ሳይዘጋ ሲነቀል ፋይሉ ራሱ ሊበላሽ ይችላል። ያኔ በ“ኦፕን” መስኮት ፋይሉን መርጣችሁ፣ ከ“ኦፕን” ቁልፍ ጎን ያለችውን ትንሽ ቀስት ተጭናችሁ “ኦፕን ኤንድ ሪፔር” በሉት። እምቢ ካለ በ“ሊብረኦፊስ” ሞክሩት፣ ኤክሴል ያቃተውን የሚከፍትበት ጊዜ አለ። ይህም ካልሆነ ቅጂ አንሥታችሁ የቅጂውን ስም መጨረሻ ከ“ኤክስኤልኤስኤክስ” ወደ “ዚፕ” ለውጡት። ፋይሉ በእርግጥም የታሸገ ዚፕ ነውና ብዙ ጊዜ ይከፈታል። “ኤክስኤል” በሚለው ፎልደር ውስጥ “ሼርድ ስትሪንግስ” የሚባል ፋይል አለ፤ በኖትፓድ ስትከፍቱት የጻፋችኋቸው የአማርኛ ርእሶች በምልክቶች መሐል ተደርድረው ታገኟቸዋላችሁ። የተደጋገመው ርእስ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚቀመጠው። ቁጥሮቹ ግን እዚያ የሉም፤ “ወርክሺትስ” በሚለው ፎልደር ውስጥ ነው የሚፈለጉት።