ከሂሳብ መርማሪነት እስከ ሰላም አስከባሪዎች አለቅነት፦ ዣን-ማሪ ጌሄኖና የእኛ ድንበር

ሶማሌ ተራ የመኪና መለዋወጫ ሰፈር ነው። ከዙህር ሶላት በኋላ ሱቅ ደጃፍ ላይ የአገር ወሬ ሲነሳ፣ ድንበሩን ያዩ ታላላቆች ካሉ «እነዚያ ሰማያዊ ቆብ ለባሾች ምን ሠርተው ሄዱ?» የሚለው ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። መልሱን ለማግኘት ያን ጊዜ ኒውዮርክ ሆነው ሥራውን የመሩትን ሰው ማወቅ ይጠቅማል። (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ዣን-ማሪ ጌሄኖ በ1949 የተወለዱ ፈረንሳዊ ናቸው። ወታደር አልነበሩም። የአገራቸውን ከፍተኛ ባለሥልጣናት የሚያፈራውን የአስተዳደር ትምህርት ቤት ጨርሰው የመንግሥትን ወጪ በሚመረምረው የሂሳብ ፍርድ ቤት ተቀጠሩ። ቀጥሎ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የፖሊሲ ዕቅድ ክፍልን መሩ፤ አምባሳደርም ሆኑ። በጥቅምት 2000 ኮፊ አናን የተባበሩት መንግሥታት የሰላም ማስከበር ኃላፊ አደረጓቸው።

ቦታው ከ1997 ጀምሮ የፈረንሳውያን ሆኖ ቀርቷል፤ ከእሳቸው በፊት በርናር ሚዬ፣ ከእሳቸው በኋላ አላን ለ ሯ፣ ኤርቬ ላድሱ፣ ዣን-ፒዬር ላክሩዋ። ወታደሩን በብዛት የሚልኩት ግን ፓኪስታን፣ ባንግላዴሽ፣ ህንድና የአፍሪካ አገሮች ናቸው። ይህ አሠራር ፍትሐዊ ነው ለማለት ይከብዳል። ጌሄኖ ሥራውን የጀመሩት አልጄሪያዊው ላኽዳር ብራሂሚ የመሩት ቡድን የሩዋንዳና የስሬብሬኒጻን ውድቀት ተከትሎ የማሻሻያ ሐሳብ ባቀረበ ማግስት ነበር። በ2008 ሲለቁ በመስክ የተሰማራው ኃይል ሲቪሎችን ጨምሮ ከ100,000 በላይ ደርሶ ነበር።

ከተረከቧቸው ሥራዎች አንዱ የእኛው ነበር። የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት በሰኔ 2000 በተኩስ አቁም ሲገታ፣ የፀጥታው ምክር ቤት እስከ 4,200 ወታደሮች እንዲሰማሩ ፈቀደ። ጦሩ በኤርትራ በኩል 25 ኪሎ ሜትር ስፋት ባለው ቀጠና ሆኖ ሁለቱ ሠራዊቶች እንዳይጠጉ ይከታተል ነበር። የመዋጋት ሥልጣን አልተሰጠውም፤ የቆመው በሁለቱ መንግሥታት ፈቃድ ነው።

ችግሩም የመጣው ከዚያው ፈቃድ ነው። የድንበር ኮሚሽኑ በሚያዝያ 2002 ባድመን ለኤርትራ ወሰነ። ኢትዮጵያ ውሳኔውን በኋላ ላይ ውድቅ አደረገች፤ በ2004 «በመርህ ደረጃ» ተቀብያለሁ ብትልም መሬት ላይ ምልክት አልተተከለም። አስመራ ደግሞ ቁጣዋን በሰላም አስከባሪዎቹ ላይ አወጣች። በጥቅምት 2005 ሄሊኮፕተሮቻቸውን ከለከለች፤ በታኅሣሥ የአሜሪካ፣ የካናዳ፣ የአውሮፓና የሩሲያ ዜጎች በ10 ቀን ውስጥ እንዲወጡ አዘዘች። ጌሄኖ ራሳቸው በዚያው ወር ወደ አካባቢው ቢመጡም የሚፈልጉትን አላገኙም። በ2007 መጨረሻ ናፍጣ ተከለከለ። መኪናው ሲቆም ጦሩም ቆመ፤ ተልዕኮው በሐምሌ 2008 ተዘጋ። ጌሄኖም ኃላፊነታቸውን የለቀቁት በዚያው ዓመት ነው።

ጥፋቱን ሁሉ በእሳቸው ላይ መጣል ግን አይገባም። ኃላፊው የራሱ ጦር የለውም፤ ወታደር ከአገሮች ይለምናል፣ ትእዛዝ ከምክር ቤቱ ይጠብቃል። ምክር ቤቱ ሁለቱንም መንግሥታት ለማስገደድ ፍላጎት አላሳየም።

ኢትዮጵያ ራሷ ከዚያ ወዲህ ትልቅ ወታደር ላኪ ሆና ነበር። በ2011 የአብዬ ተልዕኮ ሲቋቋም ወታደሩ በሙሉ ማለት ይቻላል የእኛ ነበር፤ በ2017 በተለያዩ ተልዕኮዎች የነበሩት ከ8,000 በላይ ነበሩ። በጌሄኖ ዘመን ድርጅቱ ለላኪው መንግሥት በአንድ ወታደር በወር 1,028 ዶላር መነሻ ይከፍል ነበር፤ ምን ያህሉ ለወታደሩ እንደሚደርስ የሚወስነው መንግሥቱ ነው። ለሶማሌ ተራ ሰው የሚጥመው ደግሞ የመኪናው ሂሳብ ነው፦ ላኪው አገር ጥገናውንና መለዋወጫውን ራሱ ከቻለ ኪራዩ ከፍ ይላል፣ ተቆጣጣሪዎች እየመጡ ይፈትሻሉ፣ ከተፈቀደው በላይ መኪና ቆሞ ከተገኘ ክፍያው ይቀነሳል።