የኮሌጅ ወጪ ማን ይከፍለዋል? የጉባ ገበሬዎችና መሪዎቻቸው ሊያውቁት የሚገባ

በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል በመተከል ዞን የምትገኘው ማንኩሽ የጉባ ወረዳ ዋና ከተማ ነች። በዙሪያዋ የሚኖረው ገበሬ ማሽላና ሰሊጥ ያመርታል፤ ፍየልም ያረባል። ከልጆቹ አንዱ የ12ኛ ክፍልን ፈተና አልፎ ለዩኒቨርሲቲ ሲመደብ ደስታው የአንድ ቤት ብቻ ሳይሆን የመላው ቀበሌ ነው። ይሁን እንጂ ከደስታው ቀጥሎ «ገንዘቡስ ከየት ይመጣል?» የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። ጥያቄው በወቅቱ መልስ ካላገኘ ፍየሉ ያለ ዋጋው ሊሸጥ፣ ገና በማሳ ላይ ያለው ሰሊጥ ለነጋዴ በርካሽ ሊሰጥ ይችላል፤ ከዚህም የከፋው ልጁ ከነውጤቱ እቤት መቅረቱ ነው።

በመሆኑም የቀበሌና የገበሬ ማኅበር መሪዎች ከሁሉ አስቀድመው ሊያስረዱት የሚገባ አንድ ቁም ነገር አለ። ይኸውም በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚቆጠረው የትምህርት ዕዳ የሚከፈለው ከተመራቂው የወደፊት ደመወዝ እንጂ ከአባትየው ማሳ ወይም ከእናትየው ጎተራ አለመሆኑ ነው።

የወጪ መጋራት ምን ማለት ነው?

እንደሚታወቀው በ1967 ዓ.ም. የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ተማሪዎች ወደ ገጠር ወጥተው ገበሬውን በማኅበር ሲያደራጁ በዩኒቨርሲቲ ትምህርቱም ምግቡም መኝታውም በነጻ ነበር። ይህ አሠራር እስከ 1996 ዓ.ም. ዘልቋል። በዚያ ዓመት የወጣው የከፍተኛ ትምህርት የወጪ መጋራት ደንብ ቁጥር 91 ግን ተማሪው ከወጪው የተወሰነውን እንዲጋራ አደረገ። ተመሳሳይ አሠራር አውስትራሊያ በፈረንጆች 1989 ጀምራ ነበር።

በደንቡ መሠረት ተማሪው የሚጋራው የምግቡንና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፣ ከማስተማሪያው ወጪ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶውን ነው። የቀረውን መንግሥት ይሸፍናል። ተማሪው ድርሻውን በቅድሚያ መክፈል ካልቻለ በየዓመቱ የውል ቅጽ ሞልቶ ይፈርማል፤ ትምህርቱንም ይቀጥላል። አቅም ያለው ቤተሰብ አስቀድሞ መክፈል ይችላል፤ የሌለው ግን በዚህ ምክንያት ከትምህርት ገበታ አይቀርም።

በቅጹ ላይ አንድ ጥንቃቄ የሚያሻው ነጥብ አለ። ተማሪው ምግብና መኝታን በአገልግሎት ወይም በገንዘብ ለመውሰድ መምረጥ ይችላል። በእጁ የተቀበለው ገንዘብ ግን ስጦታ ሳይሆን በስሙ የሚመዘገብ ዕዳ ነው። ስለዚህ የሚፈርመውን ማንበብ፣ የቅጹንም ቅጂ በየዓመቱ ማስቀመጥ ይኖርበታል።

አከፋፈሉ እንዴት ነው?

ተመራቂው ሥራ ይዞ ገቢ ማግኘት ሲጀምር ከወር ገቢው ቢያንስ 10 በመቶ እየተቀነሰ ለመንግሥት ገቢ ይደረጋል። ለምሳሌ ያህል የወር ደመወዙ 8,000 ብር የሆነ ተመራቂ በወር 800 ብር ይከፍላል ማለት ነው። ተቀናሹን ከደመወዙ ላይ የሚሰበስበው ቀጣሪው መሥሪያ ቤት ነው። መምህርነትን ወይም ለሕዝብ ጥቅም ሲባል የተመረጡ ሌሎች ሙያዎችን ለሚይዙ ተመራቂዎች ደንቡ ዕዳን በገንዘብ ፋንታ በአገልግሎት የመክፈል መንገድ ከፍቷል። ጉባን ለመሰለ መምህር ለሚያስፈልገው ወረዳ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

በተለመደው አሠራር ተመራቂው ዋናውን የትምህርት ማስረጃ ከዩኒቨርሲቲው የሚወስደው ዕዳውን መክፈሉን ሲያረጋግጥ ነው። ስለዚህ የክፍያ ደረሰኞችን ሰብስቦ መያዝ እንደ ዲግሪው ሁሉ ሊታሰብበት ይገባል።

በደንቡ የማይሸፈነው ወጪ

መንግሥት ምግብና መኝታ አቀረበ ማለት ቤተሰቡ ምንም አያወጣም ማለት አይደለም። የመጓጓዣው፣ የልብሱ፣ የደብተሩ፣ የሳሙናውና የስልኩ ገንዘብ ከቤት የሚሄድ ነው። ተማሪ የሚመደብበትን ዩኒቨርሲቲ የሚወስነው ትምህርት ሚኒስቴር በመሆኑ የማንኩሽ ልጅ ጅማ ወይም ሐዋሳ ሊደርሰው ይችላል። የሴት ልጅ የንጽሕና መጠበቂያም በዚህ ሒሳብ ውስጥ ሊረሳ አይገባውም። የገጠሩን ተማሪ የሚያሰናክለው ከትልቁ ዕዳ ይልቅ ይህ ትንሽ መስሎ የሚታየው ወጪ ሊሆን ይችላል።

ችግሩን የሚያባብሰው የጊዜው አለመገጣጠም ነው። የዩኒቨርሲቲ ጥሪ ሰሊጡ ታጭዶ ከመወቃቱ በፊት ከመጣ ገበሬው እጁ ባዶ ሆኖ ይገኛል። ያን ጊዜ ነው ያልደረሰው ሰብል በርካሽ የሚሸጠው።

ሌሎች በሮች

መንገዱ ዩኒቨርሲቲ ብቻ አይደለም። የዞኑ ዋና ከተማ በሆነችው በግልገል በለስ የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ አለ። ለቤት በቀረበ ስፍራ መማር የመጓጓዣውን ወጪ ያቃልላል። በሌላ በኩል አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ2015 ዓ.ም. በወጣ አዋጅ ራስ ገዝ ሆኗል። ስለሆነም ወደዚያ የሚያመለክት ተማሪ በመንግሥት ወጪ ወይስ በግል ክፍያ እንደሚማር አስቀድሞ መጠየቅ አለበት። በግል ኮሌጅ ክፍያው የራስ ነው።

ለሁለተኛና ለሦስተኛ ዲግሪ ዋነኛው ድጋፍ የመሥሪያ ቤት ስፖንሰርነት ነው። ሠራተኛው በመሥሪያ ቤቱ ወጪ ይማራል፤ ሲመለስም በውሉ መሠረት ያገለግላል። ከዚህ ሌላ ነጻ የትምህርት ዕድሎች አሉ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከማስተርካርድ ፋውንዴሽን ጋር በመተባበር ለአካል ጉዳተኞች ትኩረት የሰጠ የትምህርት ዕድል በፈረንጆች 2017 ጀምሯል። የቱርክ መንግሥት ለመጀመሪያ ዲግሪ ጭምር የትምህርቱን፣ የመኝታውንና የወር ወጪውን የሚሸፍን ዕድል ይሰጣል። የብሪታንያው ቺቭኒንግ ለአንድ ዓመት የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት ሲሆን የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃል። በቱርክም ሆነ በብሪታንያው ዕድል ለማመልከት ክፍያ የለም። ስለዚህ «ስኮላርሺፕ አወጣልሃለሁ» እያለ ገንዘብ የሚቀበል ደላላ በቀበሌው ቢታይ ሕዝቡን ማስጠንቀቅ የመሪዎች ድርሻ ነው።

ከመሪዎች ምን ይጠበቃል?

አንደኛ፣ የነዋሪነት ማስረጃና የችግረኛነት ድጋፍ ደብዳቤ ለተማሪ ሳይጓተት ሊጻፍ ይገባል። አንዳንድ ዕድል የሚያመልጠው በአንድ ቀን ነው። ሁለተኛ፣ የኅብረት ሥራ ማኅበራት በጠቅላላ ጉባኤያቸው ተወያይተው ልጅ ለተመደበለት አባል እስከ ሰሊጥ ሽያጭ የሚቆይ አነስተኛ ብድር የሚሰጡበትን መንገድ ቢያመቻቹ ሰብል ያለ ዋጋው አይሸጥም። ሦስተኛ፣ ዕድር ያለበት ቀበሌ ለሐዘን እንደሚያዋጣ ሁሉ ለመንገደኛ ተማሪም ጥቂት ቢያዋጣ ሸክሙ ይቀላል። አራተኛ፣ ጉዳዩን ማንሣት የሚገባው ምደባ ሲወጣ ሳይሆን ልጁ 11ኛ ክፍል ሳለ ነው።

በመተከል ዞን ከ2011 ዓ.ም. በኋላ በተከሰተው የፀጥታ ችግር ብዙ ሰው ከቀዬው ተፈናቅሏል፤ ትምህርትም ተስተጓጉሏል። ያ ሁሉ አልፎ ፈተናውን የሚያልፍ ልጅ በመጓጓዣ ገንዘብ እጦት ሊቀር አይገባውም። በ2003 ዓ.ም. የተጀመረውና በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ የቆመው በዚሁ በጉባ ወረዳ ምድር ነው። ግድቡን የሚያንቀሳቅሰው መሐንዲስ፣ በሐይቁ ላይ ዓሣን የሚያጠና ባለሙያ፣ በማንኩሽ የሚያክመው ሐኪም ከወረዳው ልጆች መካከል እንዲወጣ ከተፈለገ ዝግጅቱ ከቀበሌው ጉባኤ ይጀምራል። ከመጪው አዝመራ በፊት በሚደረገው ስብሰባ ከማዳበሪያና ከዘር ጉዳይ ጎን የተማሪዎች ጉዳይም በአጀንዳ ሊያዝ ይገባዋል።