አካል ጉዳተኛን በቤት ስለ መርዳትና ስለ መንግሥት ወጪ ቁጠባ

በቀድሞው አጠራር የቢቸናና የሞጣ አውራጃ በሚባለው አገር፣ አካሉ ክፉኛ የተጎዳ ሰው ባለበት ቤት አንድ ሌላ ሰው ከሥራው ተለይቶ ይቀመጣል፤ ይኸውም ብዙ ጊዜ እናት ወይም እኅት ናት። ሽባ የሆነውን ልጅ ታነሣዋለች፣ ታጥበዋለች፣ ጎኑ እንዳይቈስል ሌሊት ታገላብጠዋለች። ውሃ ለመቅዳት ወይም እህል ለማስፈጨት ስትሄድ የምትተካትን ጎረቤት ትለምናለች፤ ገበያም የምትወጣው ተተኪ ስታገኝ ነው። ዲማ ጊዮርጊስ ባለበት በዚህ አገር፣ በቅኔ ቤት ዐይነ ስውሩን ጓደኛውን የሚመራ ተማሪ እየመራ ራሱም ይማራል፤ በቤት ያለችው ግን ቀንዋ ሲያልፍ የሚተርፋት ነገር የለም።

ሕጉ ስለዚህ ነገር ዝም አላለም። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 ንኡስ አንቀጽ 5፣ መንግሥት የአካልና የአእምሮ ጉዳተኞችን፣ አረጋውያንንና ያለ ወላጅ የቀሩ ሕፃናትን አቅም በፈቀደ መጠን እንዲረዳ ያዛል። የቤተ ሰብ ሕግም ወላጅና ተወላጅ፣ እኅትና ወንድም እርስ በርሳቸው ቀለብ እንዲሰጣጡ ያስገድዳል። በፍርድ ቤት ብዕር የያዝን ሰዎች እንደምናውቀው፣ የቀለብ ክርክር የሚመዘነው በጠያቂው ችግርና በተጠያቂው አቅም ነው። እንግዲህ መንግሥትም ዘመድም በአንድ ሚዛን ይለካሉ፤ ነገር ግን መንግሥት አቅሜ አነሰ ሲል መዝገቡን ከፍቶ ያሳያል፤ እናቲቱ አቅሜ አለቀ ስትል የምታሳየው መዝገብ የላትም።

በገጠሩ አገራችን ለዚህ ጉዳይ የሚቀርበው የመንግሥት ርዳታ በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው ልማታዊ ሴፍቲኔት ነው። እርሱም የሚሰጠው የምግብ እጦት ዘወትር በሚያጠቃቸው ወረዳዎች ነው። (የቢቸና ጤፍ ስሙ የታወቀ ነው፤ አገሩ ጤፍ ስላበቀለ ግን ሽባው ሁሉ ጐተራ አለው ማለት አይደለም።) መሥራት የሚችል ሰው የሌለበት ቤት በቀጥታ ድጋፍ ያለ ሥራ ይቀበላል፤ ጉልበት ያለው ሰው የሚገኝበት ቤት ግን በእርከንና በመንገድ ሥራ ቀን ይቈጠርበታል። ሲሠራበት የኖረውም ስሌት ለአንድ ነፍስ በወር 5 ቀን ነው።

አንዲት እናት ከሽባ ልጅዋና ከአንድ ሕፃን ጋራ ትኖራለች እንበል። ኮሚቴው እጅ እግርዋን አይቶ መሥራት ትችላለች ብሎ ከጻፋት፣ ለሦስት ነፍስ 15 ቀን ከቤት ልትወጣ ነው። በዚያ 15 ቀን ልጁን ማን ያገላብጠው? ደንቡ ለነፍሰ ጡርና ልጅዋ በምግብ እጦት ለተጎዳባት እናት ጊዜያዊ ዕረፍት ማድረጉ መልካም ነው፤ የነፍሰ ጡርዋ ድካም ግን በወራት ይፈጸማል፣ የአስታማሚዋ በዓመታትም አይፈጸምም።

የዚህ ርዳታ ብዙው ገንዘብ የመጣው ከዓለም ባንክና ከውጭ መንግሥታት ነው። በ2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የርዳታ መሥሪያ ቤቱን ዘጋ፤ የእንግሊዝም መንግሥት የውጭ ርዳታውን ከብሔራዊ ገቢው ከመቶ 0.5 ወደ 0.3 እንደሚያወርድ አስታወቀ። ስለዚህ ቁጠባ የሚባለው ነገር ወደ እኛም ደጅ መምጣቱ የማይቀር ይመስለኛል።

እንግሊዞች ይህን በገዛ ቤታቸው አይተውታል። በ1980 ዓ.ም. ጽኑ ጉዳት ያለባቸው ሰዎች በቤታቸው የሚረዳቸውን ሠራተኛ እንዲቀጥሩ ገንዘብ የሚሰጥ ኢንዲፔንደንት ሊቪንግ ፈንድ የሚባል ድርጅት አቋቁመው ነበር። መንግሥት ይዘጋ ብሎ በወሰነ ጊዜ አምስት አካል ጉዳተኞች ከሰሱ፤ የይግባኙም ፍርድ ቤት በጥቅምት 2006 ዓ.ም. ሚኒስትሯ ውሳኔው በተረጂዎቹ ኑሮ ላይ የሚያመጣውን ጽኑ ጉዳት በሚገባ መመርመራቸው አልታየም ሲል ውሳኔውን ሻረ። መንግሥት ግን በዚያው ዓመት ዳግመኛ መዝኖ እንዲዘጋ ወሰነ፤ ሰኔ 23 ቀን 2007 ዓ.ም. ተዘጋ። ተረጂዎቹ ወደየማዘጋጃ ቤቱ ተላለፉ፤ በእንግሊዝ ክፍል አብሮ የሄደው ገንዘብ ለእነርሱ ብቻ ይዋል የሚል ማሰሪያ ስላልነበረበት፣ አንዱ ከተማ እንደ ቀድሞው ሲሰጥ ሌላው የርዳታውን ሰዓት ቀነሰ። ስኮትላንድ ግን የራስዋን ድርጅት አቁማ ክፍያውን ቀጠለች።

ከዚህ ሁሉ ለእኛ የሚጠቅመን የዳኞቹ ምክንያት ነው፤ ከመቀነሳችሁ በፊት ሸክሙ በማን ጀርባ እንደሚወድቅ መርምሩ አሉ። ለዚህም ብዙ ሊቃውንት አያሻም። የቀበሌ ኮሚቴ የተረጂዎችን ስም በሚጽፍበት ቀን፣ «መሥራት የሚችል» ከሚለው ዓምድ አጠገብ «አስታማሚ» የሚል ሌላ ዓምድ ያስምር፤ አስታማሚዋ በወር ስንት ቀን ከቤት እንደምትታሰር ጎረቤት እየመሰከረ ይጻፍ፤ ወረቀቱም ወጪ ይቀነስ ከሚለው ሐሳብ ጋራ ተያይዞ ለወረዳው ሸንጎ ይቅረብ።