ንጹሕም ጠንካራም የሆነ መዳብ ፍለጋ

በጎርጎራ አፈርም ሆነ በሌላው ዓለም ድንጋይ ውስጥ እጅግ አነስተኛ ዩራኒየምና ቶሪየም ይገኛል። ከማዕድን የሚወጡ ብረቶችም የዚህ ርዝራዥ አይጠፋባቸውም። መጠኑ ለዕለት አገልግሎት የሚያሰጋ አይደለም፤ እምብዛም የማይከሰት የቅንጣት ምልክት ለሚጠባበቁ የፊዚክስ መሣሪያዎች ግን የብረቱ ጨረር እውነተኛውን ምልክት ይሸፍንባቸዋል።

በመሆኑም በአሜሪካ ሳውዝ ዳኮታ ግዛት፣ ከምድር በታች 1 ሺህ 480 ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ፣ ተመራማሪዎች መዳብን በኤሌክትሪክ ኃይል ከፈሳሽ ውስጥ ቀስ በቀስ እያጠራቀሙ ሠርተዋል። ባዕድ ነገሮቹ በአብዛኛው በፈሳሹ ውስጥ ይቀራሉ።

ችግሩ ንጹሕ መዳብ ልል መሆኑ ነው። አንጥረኛ ወርቅን ከመዳብ ቀላቅሎ እንደሚያጠነክር ሁሉ፣ ተመራማሪዎችም መዳቡ ላይ ጥቂት ክሮሚየም ጨምረው በሙቀት ያጠነክሩታል። ክሮሚየሙ ራሱ ንጹሕ ካልሆነ ግን የተለፋበት ጥራት ይበላሻል።