ያውቁ ኖሯል? ከሞያሌ ማዶ ያለችው ጎልቦ

ጎልቦ ከኬንያ 1,450 ዋርዶች (የምርጫ ክልል ንዑስ ክፍሎች) አንዷ ናት። የሞያሌ ምርጫ ክልል ሰባት ዋርዶች ሲኖሩት፣ ጎልቦ ከሞያሌ ከተማ ቁልቁል ሲወርዱ የሚቀበልዎ ቆላ ላይ ትገኛለች። ነዋሪው አብዛኛው አርብቶ አደር ነው። በገበያው ኦሮምኛ ከስዋሂሊ ይልቅ ቢሰሙ አይገረሙ።

ያውቁ ኖሯል? ሞያሌ በመንገድ ከአዲስ አበባ 770፣ ከናይሮቢ ደግሞ 780 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። የጎልቦ ሰው ዋና ከተማው ናይሮቢ ይሁን እንጂ ለአዲስ አበባም ያው ቅርብ፣ ያው ሩቅ ነው።

ያውቁ ኖሯል? ኬንያ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 24 ቀን 2019 ሌሊት ሕዝቧን ስትቆጥር በሞያሌ ንዑስ ካውንቲ 108,949 ሰው ተመዝግቧል፤ በመላው ማርሳቢት ካውንቲ ደግሞ 459,785። ካውንቲው ከ70 ሺህ ስኩዌር ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ ሩዋንዳና ቡሩንዲ ተደምረው አይደርሱበትም። በአንድ ስኩዌር ኪሎ ሜትር የሚኖረው ሰው በአማካይ ሰባት አይሞላም።

ቆጠራው ግመሉንም ፍየሉንም ጠይቋል። ሰው የሚመዘገበው ግን ያን ሌሊት ባደረበት ቦታ ነው። ሣርና ውኃ ፍለጋ ከብቱን ነድቶ ወደ ቦረና ጉድጓዶች የተሻገረ እረኛ ታዲያ በኬንያ መዝገብ ላይ የለም። በእኛም የለም። የኢትዮጵያ የመጨረሻው ቆጠራ የ1999 ዓ.ም.ቱ ነው፤ ቀጣዩ ሲራዘም፣ ደግሞ ሲራዘም ኖሯል። በዚያ ዓመት ሞያሌ የተወለደ ሕፃን ዛሬ መንጃ ፈቃድ ያወጣል። ሞያሌ ድንበር የከፈለው አንድ ከተማ ነው፤ ግማሹ ስንት እንደሆነ ይታወቃል፣ ግማሹ በግምት ይኖራል። ለአንድ የድንበር ከተማ ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም፤ ትምህርት ቤቱም፣ ጤና ጣቢያውም፣ ውኃውም የሚታቀደው በሰው ቁጥር ነው።

ያውቁ ኖሯል? ከኬንያዋ ኢሲዮሎ እስከ ሞያሌ ያለው 500 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ አስፋልት ለብሶ ያለቀው እስከ 2017 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት ተሳፋሪው የሚጓዘው በከብት መኪና ላይ ነበር። ከብቱ ከታች ታጭቆ፣ ሰው ከላይ ብረቱን ጨብጦ፣ አቧራውን እየዋጠ፣ ሽፍታ ስለሚፈራ በታጠቀ ፖሊስ አጀብ። ጉዞው ቀናት ይፈጅ ነበር። ዛሬ አውቶቡስ ማታ ከናይሮቢ ተነስቶ በማግስቱ ሞያሌ ይገባል። ይኸው መንገድ ከካይሮ ኬፕታውን የታቀደው የአህጉሩ አውራ ጎዳና አካል ነው።

ያውቁ ኖሯል? በኬንያ በኩል ያለችው ሞያሌ መብራት የምታገኘው ከኢትዮጵያ ነው።

ያውቁ ኖሯል? በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጣሊያን በ1940 እ.ኤ.አ. ሐምሌ ላይ ሞያሌ የነበረውን የእንግሊዝ ምሽግ ወስዳ፣ በ1941 የካቲት ለቅቃ ወጥታለች። ሰባት ወር ብቻ።

ያውቁ ኖሯል? በ2010 ዓ.ም. መጋቢት፣ በኢትዮጵያዋ ሞያሌ ሲቪሎች ከተገደሉ በኋላ፣ 10 ሺህ ገደማ ሰው በቀናት ውስጥ ወደ ኬንያ ተሻግሯል። ቆጠራ የማይዘው የሕዝብ እንቅስቃሴ እንዲህ ያለው ነው።

ያውቁ ኖሯል? ሰዓት ማስተካከል አያስፈልግዎትም። ስዋሂሊ ተናጋሪም እንደ እኛ ቀኑን ከንጋት ነው የሚቆጥረው፤ ጠዋት አንድ ሰዓት እዚያም አንድ ሰዓት ነው። የሚለያየው የዓመቱ ቁጥር ነው፤ ድንበሩን ሲያልፉ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደፊት ይሄዳሉ።

ሁለቱ አገሮች እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 2020 ጀምሮ በሞያሌ የጋራ የፍተሻ ጣቢያ አላቸው። ኢትዮጵያዊ ለአጭር ጉብኝት ቪዛ አይጠየቅም፤ ፓስፖርትዎን ግን አይርሱ። በራስዎ መኪና ከሆነ ደግሞ ከጣቢያው እንደወጡ ወደ ግራ መስመር ይቀይሩ፤ ኬንያ የሚነዳው በግራ ነው፣ የጭነት መኪኖቹም ቆመው አያሳልፉዎትም።